ስለ ካማ ሱትራ መጽሐፍና ስለ አሥሩ ሌሊት

ሰው ግብሩ ሳይታወቅ በስሙ ብቻ እንደሚወራለት ሁሉ፣ መጽሐፍም ሳይነበብ በስሙ ብቻ ታውቆ ብዙ ዘመን ይኖራል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት ጠላት አለው። አንደኛው ሳያነበው የሚረግመው ነው፤ ሁለተኛው ሳያነበው የሚያመሰግነው ነው። ከሁለቱ የሚከፋው ሁለተኛው ይመስለኛል። የሚረግመው ሰው መጽሐፉን ዘግቶ ያስቀምጠዋል፤ የሚያመሰግነው ግን በውስጡ ያልተጻፈውን ተጽፏል እያለ ለሌላው ያስተምራል። ከህንድ አገር የጥንት መጻሕፍት መካከል ካማ ሱትራ የተባለው ይህ ዕጣ ደርሶበታል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ የእኅቴ ልጅ ነው። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው አንድ ማታ ወደ ቤቴ መጣና ብዙ ከተጨዋወትን በኋላ ከኮቱ ኪስ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። «ጋሼ፣ ይችን አይተዋታል? የህንዶች ጥበብ ናት ይላሉ» አለኝ። ገልጬ ባያት ከዳር እስከ ዳር ሥዕል ናት። ወንድና ሴት በየዓይነቱ ተጠላልፈው ይታያሉ፤ በየሥዕሉም ግርጌ ቁጥርና አንድ ሁለት መስመር ጽሑፍ አለ። ልጁም ለፈተና እንደሚዘጋጅ ተማሪ የሚያጠናቸውን ገጾች ጫፋቸውን እያጠፈ ምልክት አድርጎባቸዋል። አልሣቅሁበትም፣ አልተቆጣሁትምም፤ በፊቱ ላይ ያየሁት ፍርሃት እንጂ ብልግና አልነበረምና። «ስለዚህ ነገር ከእጮኛህ ጋራ ተነጋግራችኋል ወይ?» ብዬ ጠየቅሁት። «እንዴት ብዬ ጋሼ! ምንስ ብዬ እጠይቃታለሁ?» አለኝ።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጁ መቶ ሥዕል አጥንቷል፤ አንዲት ቃል ግን አልተናገረም። መጽሐፉ በእውነት የሚያስተምረው ደግሞ የዚህን ተቃራኒ ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ምን እንደሚል፣ የቱ እንደሚጠቅም፣ የቱስ እንደማይረባ እንደ ዕውቀቴ መጠን ልናገር። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ካማ ሱትራ የተጻፈው በሳንስክሪት ቋንቋ ነው፤ ጸሐፊው ቫትስያያና ይባላል። ሊቃውንት ዘመኑን ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው መቶ ዓመት አካባቢ ያደርጉታል። ካማ ማለት ምኞት፣ ፍቅር፣ የስሜት ደስታ ማለት ነው። ሱትራ ማለት ክር ነው፤ ብዙ ነገር በጥቂት ቃል የታሰረበት አጭር አንቀጽም በዚህ ስም ይጠራል። መጽሐፉ 7 ክፍል፣ 36 ምዕራፍ፣ 64 አርእስት አለው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ሰው ኑሮ ዓላማ፣ ሁለተኛው ስለ ሩካቤ፣ ሦስተኛው ሚስት ስለ ማጨትና ሙሽራን ስለ ማላመድ፣ አራተኛው ስለ ሚስት አኗኗር፣ አምስተኛው ስለ ሰው ሚስት፣ ስድስተኛው ስለ ጋለሞታ፣ ሰባተኛው ስለ መድኃኒትና ስለ መስተፋቅር ይናገራል። የእኅቴ ልጅ ገጹን ያጠፈለት የአልጋ ላይ አኳኋን፣ በሌላ ስፍራ ጥቂት ቢነሣም፣ ተለይቶ የሚነገርበት ከ36ቱ አንዱ ምዕራፍ ብቻ ነው። ሥዕል የሚባል ነገር በቫትስያያና ጽሑፍ ውስጥ የለም፤ ሥዕሉን የጨመሩት ከእርሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ናቸው።

መጽሐፉ የሚጀምረው ለሦስት ነገሮች ሰላምታ በመስጠት ነው፤ እነርሱም ዳርማ፣ አርታና ካማ ናቸው። ዳርማ ጽድቅና ተገቢው ሥራ ነው፤ አርታ ሀብትና ኑሮን ማደላደል ነው፤ ካማ አስቀድሜ የተናገርሁት ደስታ ነው። ሦስቱ የተጋጩ እንደ ሆነ ፊተኛው ከኋለኛው ይበልጣል ይላል፤ ስለዚህ ጽድቅ ከሀብት፣ ሀብትም ከደስታ ይቀድማል። ደስታን በመጨረሻ ያስቀምጠዋል እንጂ ከቤት አያስወጣውም። ደስታ ጥፋት ያመጣልና ይቅር ለሚሉት ሲመልስ፣ ደስታ ለሰውነት እንደ ምግብ ነው ይላል። ለማኝ ይመጣል ተብሎ ድስት መጣድ አይቀርም፤ አጋዘን ይበላዋል ተብሎም እህል መዝራት አይቀርም። ጉዳቱን ማወቅና መጠንቀቅ ነው እንጂ መተው አይገባም ማለቱ ነው። እንስሳት ያለ መጽሐፍ ይገናኙ የለም ወይ ለሚሉትም መልስ አለው፤ እንስሳት በወቅታቸው ያለ አሳብ የሚገናኙ ናቸው፣ ሰው ግን የሚያፍርና የሚያስብ ፍጥረት ስለ ሆነ ዕውቀት ያስፈልገዋል ይላል።

ይህ ከሆነ መጽሐፉ እንዴት የሥዕል መጽሐፍ ሆኖ ቀረ? የዚህ ነገር ታሪክ ከ1883 ይጀምራል። በዚያ ዓመት በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለአንድ ማኅበር አባሎች ብቻ በምስጢር ታተመ። ስሙ የገነነበት ሰው ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ አገር አሳሽ ነው፤ ዋናውን የትርጉም ድካም የደከሙት ግን ባግዋንላል ኢንድራጂና ሺቫራም ቢዴ የተባሉ የህንድ ሊቃውንት ከፎስተር አርባትኖት ጋራ ሆነው ነበር። መጽሐፉ በእንግሊዝና በአሜሪካ በግልጥ እንዲሸጥ የተፈቀደው በ1960ዎቹ መጀመሪያ ነው። ሰማንያ ዓመት ሙሉ ተደብቆ ሲሸጥ የኖረ መጽሐፍ፣ የተደበቀ ዕቃ ስም ቢወጣለት አያስገርምም።

ከዚህም የባሰ አለ። በ2002 ዌንዲ ዶኒገር የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅና ሱዲር ካካር የተባሉ ህንዳዊ የነፍስ ጠባይ ዐዋቂ መጽሐፉን እንደ ገና ሲተረጉሙ፣ የ1883ቱ ትርጉም ብዙ ስፍራ የሴቲቱን ድምፅ ዝቅ እንዳደረገው ታየ። አንዱን ምሳሌ ልጥቀስ። ባል ወደ ሌላ ሴት የሄደ እንደ ሆነ፣ ሚስት ብቻውን ሳለም ሆነ በወዳጆቹ ፊት በኃይለኛ ቃል ትገሥጸዋለች ይላል ሳንስክሪቱ። የቀድሞው ትርጉም ግን ክፉ ቃል እንዳትናገረውና በለስላሳ አነጋገር እንድትመክረው የሚያዝ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ ተርጓሚው ግማሹን ቃሏን ወሰደባት፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው ሥዕል ሻጭ ደግሞ የቀረውን ወስዶ ያለ አንዲት ቃል አስቀራት።

አሁን ስለ አኳኋኑ እንነጋገር፤ ስመ ጥሩ ያደረገው እርሱ ነውና። ብዙ ሰው 64 አኳኋን አለ ሲል ይሰማል። ቁጥሩ የመጣው ከቫትስያያና በፊት የነበሩ ሊቃውንት መተቃቀፉን፣ መሳሳሙን፣ ሌላውንም የፍቅር ነገር ሁሉ ስምንት ጊዜ ስምንት እያሉ ከመቁጠራቸው ነው፤ የአኳኋን ቁጥር አይደለም። ቫትስያያና ይህንንም አያጠብቀውም። ሰባት ቅጠል የሚባለው ዛፍ ሰባት ቅጠል ብቻ እንደሌለው ሁሉ፣ ስድሳ አራት የሚለውም ስም ነው እንጂ ልክ አይደለም ይላል። ከአኳኋኖቹም ውስጥ አንዳንዶቹ ከሌላ ሊቅ የተወሰዱ መሆናቸውን ይናገራል፤ ያለ ልምምድ እንደማይሆኑም ይጽፋል። ከዚያም የሚገርም ቃል አለው፤ መጽሐፍ የሚያስፈልገው ስሜት ሳይነሣ ነው፣ የፍቅር መንኰራኵር አንድ ጊዜ መዞር ከጀመረ ግን መጽሐፍም ሥርዓትም የለም ይላል። መጽሐፉን የጻፈው ሰው ራሱ «መጽሐፉን እዚያ አስቀምጠው» ሲል፣ የኛ ልጅ ገጹን እያጠፈ ቁጥር ያጠናል።

ደግሞም በመጽሐፍ ስለ ተጻፈ ብቻ ይደረጋል ማለት አይደለም ብሎ ያስጠነቅቃል። የሕክምና መጻሕፍት ስለ ውሻ ሥጋ ጣዕምና ብርታት ሰጭነት ይጽፋሉ፤ በዚህ ምክንያት ዐዋቂ ሰው የውሻ ሥጋ ይበላልን? ሲል ይጠይቃል። በመጨረሻም መጽሐፉን ያዘጋጀው ራሱን ከሴት ጠብቆ፣ አሳቡንም ሰብስቦ እንደ ሆነና ለፍትወት ብሎ እንዳልጻፈው ይናገራል።

የመጽሐፉ ልብ በእኔ አስተያየት ያለው በሁለተኛው ክፍል ሳይሆን በሦስተኛው ነው፤ ይኸውም ሙሽራን ስለ ማላመድ የተጻፈው ምዕራፍ ነው። እንዲህ ይላል፦ ከጋብቻው በኋላ ሦስት ሌሊት ባልና ሚስት መሬት ላይ ይተኛሉ፤ ጨው የሌለበት ምግብ ይበላሉ፤ ግንኙነትም አያደርጉም። ከዚያ በኋላ ሰባት ቀን በዘፈንና በሙዚቃ ይታጠባሉ፣ ያጌጣሉ፣ አብረው ይመገባሉ፣ ጨዋታ ያያሉ፣ ዘመድ ይጠይቃሉ። ባል በለዘበ ቃል ብቻቸውን ሊቀርባት የሚጀምረው በአሥረኛው ሌሊት ነው። ሌሎች ሊቃውንት፣ ሙሽራው እንደ ምሰሶ ዝም ብሎ ሦስት ሌሊት ቢያሳልፍ ሴቲቱ ትንቀዋለች ብለው ነበር። ቫትስያያና ሲመልስ፣ ያነጋግራት፣ ያላምዳት፣ ግን አይድፈራት ይላል። ሴቶች እንደ አበባ ናቸው፣ በገርነት ሊቀርቧቸው ይገባል፤ ገና ባላመኑት ሰው በግድ የተያዙ እንደ ሆነ ግንኙነቱን ራሱን የሚጠሉ ይሆናሉ ይላል። ይህ ከአሥራ ሰባት መቶ ዓመት በፊት የተጻፈ ነው።

ከዚያ ወዲያ ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። በላይኛው የሰውነት ክፍል የሆነ አጭር መተቃቀፍ ይቀድማል፤ ከዚያ የምትቀበለውን ነገር ያቀርብላታል፤ ከዚያ ይጠይቃታል፤ ባትመልስ እንደ ገና ቀስ ብሎ ይጠይቃታል፤ ካፈረች ጓደኛዋ በመካከል ሆና እንድታጫውታት ያደርጋል። ዐይነ አፋር ናት ብሎ ጨርሶ የሚተዋትን፣ የሰው ልብ የማያውቅ እንስሳ ነው ብላ ትንቀዋለች፤ አሳቧን ሳያውቅ በግድ የሚይዛት ደግሞ ፍርሃትንና ጥላቻን ይተክልባታል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው የኛ ተረት ለዚህ ምዕራፍ አርእስት ቢሆን ያምርበት ነበር።

ይህን ምዕራፍ መጀመሪያ ያነበብሁ ቀን ደስ አላለኝም፤ አፈርሁ። ምክንያቱን ልናገር። በጕልማሳነቴ ለአንድ ወዳጄ በገጠር ሚዜ ሆኜ ነበር። ሙሽራይቱ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ፣ የቀለም መምህርት ናት። ሙሽራውን ከዚያ ቀን በፊት ያየችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ አገር የብር አምባር ልማድ የጸና ነበር፤ በዚያችው ሌሊት የልጅነቷ ምልክት በጨርቅ ታይቶ ለወላጆቿ መላክ አለበት። እኛ ሚዜዎች ከበሩ ውጭ ቆመን እየዘፈንን እንጠብቃለን። ሙሽራው ሲዘገይ በሩን እየመታን «ምነው! ወንድ አይደለህም ወይ?» አልነው። ከውስጥ የለቅሶ ድምፅ ተሰማ። ከእኛ አንዱ ዘፈኑን ከፍ አደረገ፤ እኔም ተቀበልሁት። ለቅሶውን እንዳንሰማ ነበር የዘፈንነው።

ጨርቁ ወጣ፣ ተላከ፣ እልል ተባለ። በአምስተኛው ወር ሙሽራይቱ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች፤ ሽማግሌ ቢላክባትም እንቢ አለች። ከብዙ ዘመን በኋላ ከባለቤቴ ጋራ ተገናኝተው ሲጫወቱ እንዲህ አለቻት፦ «ክፉ ሰው አልነበረም። እኔ ግን ከዚያች ሌሊት በኋላ የበር ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ሰውነቴ ይርድ ነበር፤ ፍርሃቱ ሳይለቀኝ ቀረ።» ወዳጄም እስከ ዛሬ ምን እንዳጠፋ በትክክል የገባው አይመስለኝም። ያጣደፍነው እኛ ነን። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ በእኛ ጊዜ የፈሰሰውን ግን የለቀመው ማንም የለም።

እንግዲህ ጨዋ ነን የምንል እኛ ለአንዲት መምህርት አንድ ሌሊት እንኳ ሳንሰጣት፣ ባለጌ ነው የተባለው መጽሐፍ አሥር ሌሊት ይሰጣታል። ከሁለቱ የትኛው ባለጌ እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

በዚሁ መንፈስ የተጻፉ ሌሎች ስፍራዎችም አሉ። በቫትስያያና ዘመን ሊቃውንቱ ሴት እንደ ወንድ በሩካቤ ደስታ ታገኛለች ወይስ አታገኝም ብለው ይከራከሩ ነበር። እርሱ የሁሉንም ቃል ካስቀመጠ በኋላ የሁለቱ ደስታ አንድ ዓይነት ነው ብሎ ይፈርዳል፤ ስለዚህም ባል የሚስቱን ደስታ ከራሱ ማስቀደም ይገባዋል ይላል። ነገሩ ካለቀ በኋላ ያለውንም አይረሳም። ሁለቱ እንደ መተፋፈር ብለው ለየብቻ ይታጠባሉ፤ ከዚያ አብረው ይቀመጣሉ፤ ሰንደል ይቀባታል፤ ጣፋጭ ነገር ይበላሉ፤ በሰገነት ላይ ወጥተው ጨረቃ ያያሉ፤ እርሷ በጭኑ ላይ ጋደም ብላ ሳለ የሰሜኑን ኮከብና ሰባቱን ኮከቦች እያመለከተ ያሳያታል። ከመጽሐፉ ሁሉ አንድ ሥዕል ሣል ብባል ይህን እሥል ነበር። በእኅቴ ልጅ መጽሐፍ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ይህን ነው።

አኳኋንን ማወቅ ጨርሶ አይረባም ማለቴ ግን አይደለም። ከቫትስያያና ከሺህ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ በሎዲ ነገሥታት ዘመን፣ ካልያናማላ የተባለ ጸሐፊ አናንጋ ራንጋ የሚባል መጽሐፍ ላድ ካን ለተባለ የእስላም መኰንን ጽፎለታል። የጻፈበትን ምክንያት ሲናገር፣ ባልና ሚስትን የሚለያያቸው መሰልቸት ነው፤ ስለዚህ አንድ ባል ከአንዲት ሚስቱ ጋራ ሳይሰለች እንዲኖር የተለያየውን መንገድ ላሳየው ይላል። ይህ ለትዳር የታሰበ አሳብ ነው። ልዩ ልዩው አኳኋን የሚጠቅመው አስቀድመው ለተማመኑ፣ ሣቅና ንግግር በመካከላቸው ላለ ባልና ሚስት ነው። መተማመን ሳይኖር የተጠና አኳኋን፣ ሰው ሳይገባበት የተቆለፈ ያማረ ቤት ነው።

አሁን ደግሞ የማልቀበለውን ልናገር፤ ያልተተቸ ምስጋና ግማሽ ውሸት ነውና። የመጽሐፉ አምስተኛ ክፍል የሰውን ሚስት ማግባባት እንዴት እንደሚቻል በዝርዝር ያስተምራል፤ መጨረሻው ላይ ይህን የጻፍሁት ባሎች ሚስቶቻቸውን እንዲጠብቁ ነው ይላል። ይህ ምክንያት አያጠግበኝም፤ ሌባን ለመከላከል ተብሎ ለሌባ ቁልፍ አይሰጥም። ደግሞም መጽሐፉ የተጻፈው ለባለጠጋ የከተማ ጕልማሳ ነው። እርሱ ሽቶ ተቀብቶ ከወዳጆቹና ከጋለሞቶች ጋራ ሲጫወት፣ ሚስቱ ጓሮ ትተክላለች፣ የዓመቱን ገቢና ወጪ ትቈጥራለች። ሸክሙ እኩል አይደለም። ከሁሉም የከፋው ስለ መማታት የጻፈው ምዕራፍ ነው። በዚህ ልማድ ሴቶቻቸውን የገደሉና ዐይን ያጠፉ ነገሥታትና መኳንንት እንደ ነበሩ ጠቅሶ መሣሪያ መያዝን ይነቅፋል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በዚያው ምዕራፍ ሴቲቱ «ተው»፣ «ልቀቀኝ» የምትለውን ከጨዋታው ድምፅ ጋራ ይቈጥረዋል። በሦስተኛው ክፍል ፍርሃቷን እንድንሰማ ያስተማረን ሰው፣ በሁለተኛው ክፍል ቃሏን እንድንጠራጠር ያደርገናል። ወጣት አንባቢ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለበት፤ እኔ አሥሩን ሌሊት መርጫለሁ።

ወደ እኅቴ ልጅ ልመለስ። መጽሐፉን አልቀማሁትም፤ የተቀማ መጽሐፍ ይበልጥ ይነበባልና። የሙሽራይቱንና የለቅሶውን ነገር ሳልደብቅ ነገርሁት፤ ቀጥሎ ይህን የአሥሩን ሌሊት ምዕራፍ ቃል በቃል እየተረጐምሁ አስረዳሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «ጋሼ፣ ሚዜዎቼ ቢያጣድፉኝስ?» አለኝ። «በሩ የአንተና የእርሷ ነው፤ ቁልፉን ለሚዜ አትስጥ» አልሁት። በማግሥቱ ወደ እጮኛው ሄዶ ምን እንዳላት አላውቅም፤ የእነርሱ ምስጢር ነውና አልጠየቅሁትም። በሠርጉ ማግሥት ግን ማንም ጨርቅ ይዞ አልወጣም፤ አንዳንድ ሰዎች ሲያጕረመርሙ ሰማሁ፣ እኅቴም አንገቷን ደፍታ ነበር። እኔ ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት በዚያ በር ላይ ዘፍኜ ባልጨረስሁት ኖሮ የምለውን ጸሎት በልቤ አልሁ።

ስለዚህ ወጣት አንባቢዬ፣ ይህ መጽሐፍ በእጅህ የገባ እንደ ሆነ፣ ከመካከል አትጀምረው፤ ከሦስተኛው ክፍል ጀምረው። ካላገኘኸውም አትዘን፤ ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርቱ አጭር ነው። ጠይቅ፤ መልሱን ስማ፤ «ቆይ» ስትልህ ቆይ።